ከጨርቁ በታች ያለው ሥራ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት እንድናገር የተፈለገ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን “ስለ እሱ የሚናገር ሞልቷል፤ እርስዎ ስለዚያ አውሮፕላንዎ ይንገሩን” አሉኝ። እነሆ ልነግራችሁ ነው። መኪናዬ ከጋራዡ ከወጣች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅባት በምን ምክንያት እንደሆነ ጎረቤቶቼ ያውቃሉ፤ ባለቤቴማ ከእነሱ የበለጠ ታውቃለች።

ለማታውቁኝ ወጣቶች፣ ሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው። ወጣትነቴን አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን ሆድ ሥር አሳለፍኩ። ናይሮቢ ከመጣሁም በኋላ በዚሁ ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው አሉሚኒየምና ሪቬት ነው። እንጨት በሙጫ አጣብቄ አላውቅም ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን፣ ማለትም አንዱ ክንፍ ከላይ፣ ሌላው ከታች የሆነለትን የጥንቱን ዓይነት፣ በገዛ እጄ መሥራት። ንድፉን ከአሜሪካ በፖስታ አስመጣሁ። እዚያ አገር ሰዎች በቤታቸው አውሮፕላን መሥራታቸው የቆየ ልማድ ነው። ከርቲስ ፒትስ የነደፈው ትንሹ የትርኢት አውሮፕላን ፒትስ፣ ጆን ሃትዝ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ የበረረው ሃትዝ ሲቢ-1፣ ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው። ገላቸው ከብረት ቧንቧ ይበየዳል፤ የሃትዝም ሆነ የመጀመሪያዎቹ ፒትሶች ክንፍ ግን ከእንጨት ተሠርቶ ጨርቅ ይለብሳል።

አንዳንዶቻችሁ “በዚህ ዘመን እንጨት?” ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ለእንጨት ክንፍ ባዕድ አይደለንም። ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያመጣው ፖቴዝ 25፣ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር፤ ክንፎቹም ከእንጨት ተሠርተው ጨርቅ የለበሱ ነበሩ። እዚሁ ናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ1929 ፍሎረንስ ዊልሰን የምትባል ሴት ዊልሰን ኤርዌይስን ስታቋቁም ሥራ የጀመረችው በጂፕሲ ሞዝ ነው። እሱም የእንጨት ክንፍ ነበረው። ዛሬ የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በስሟ ነው። በራሳችን ምድር የተሠራውንም አንርሳ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1935 ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቅታለች። ያን ዜና የሰማሁ ዕለት ጋራዤ ውስጥ ነበርኩ፤ መላጊያዬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ወደ ክንፉ ልግባ። ይህችን በእጄ የያዝኳትን ተመልከቱ። ቀስ ብላችሁ ልጆቹ ዘንድ አሳልፏት፤ ብትሰበርም አልቆጣም፣ ለምን እንደማልቆጣ በኋላ እነግራችኋለሁ። ይህች የክንፍ ሪብ ናት፤ የጎድን አጥንት ማለት ነው። በወጥ ቤት ሚዛን 170 ግራም ትመዝናለች። ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ጠፍጠፍ፣ ከፊት ክብ፣ ከኋላ ቀጭን የሆነው ቅርጿ ነው አውሮፕላኑን የሚያነሣው። እንደዚህ ያሉ ከ50 በላይ የጎድን አጥንቶች በአራቱ ክንፎቼ ውስጥ ተሰድረዋል። የሚያያዙትም ስፓር በሚባሉት ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ላይ ነው። ስፓር የክንፉ አከርካሪ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ በየክንፉ ርዝመት ሙሉ ይሄዳል።

ለመሆኑ ምን ይሸከማሉ? ሰውና ነዳጅ ጭኖ 700 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን አስቡ። አየሩ ጸጥ ብሎ ቀጥ ሲል ክንፎቹ የሚሸከሙት 700 ኪሎ ነው። ሲታጠፍ፣ ወይም ነፋስ ከታች ሲመታው ግን ጭነቱ ይባዛል። መደበኛ ለሚባለው ምድብ ቀላል አውሮፕላን የሚታሰበው 3.8 እጥፍ ነው፤ ያ 2,660 ኪሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ መጠባበቂያ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ የሚችለው እንጨት፣ ሙጫና ሽቦ ነው። የድርብ ክንፍ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ክንፎች በቋሚዎችና በሰያፍ ሽቦዎች ሲተሳሰሩ እንደ ብረት ድልድይ አንድ አካል ይሆናሉ። ከታች ከገላው ሥር ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ ዳር የሚወጡት ሽቦዎች በበረራ ጊዜ ይወጠራሉ። ከላይ ከመሐል ወደ ታችኛው ክንፍ ዳር የሚወርዱት ደግሞ መሬት ላይ ሲሆን የክንፉን ክብደት ይይዛሉ። ስለዚህ ስፓሩ ቀጭንና ቀላል ቢሆንም ብቻውን አይደለም።

እንጨቱ ስፕሩስ ይባላል፤ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ዳርቻዎች የሚበቅል ጥድ መሰል ዛፍ ነው። አንድ ሜትር ኩቡ ደርቆ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ለክብደቱ ግን በጣም ጠንካራ ነው። አንድ አናጢ ወዳጄ “ዝግባ እያለልህ ምን ባሕር ማዶ ያስኬድሃል?” ብሎኝ ነበር። ዝግባ ለበርና ለወለል ምን የመሰለ እንጨት ነው። ነገር ግን ንድፉ የተሰላው በስፕሩስ ጥንካሬ ነው። የሌላውን እንጨት ጥንካሬ ተፈትኖ በቁጥር ሳትይዝ “ይመስለኛል” ብለህ አትለውጥም። ስፕሩሱም ቢሆን ሁሉም አይሆንም። የጅማቱ መስመር በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ዘንበል ካለ ለስፓር አይወሰድም። የዕድሜ ቀለበቶቹ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ከ6 ማነስ የለባቸውም። እርጥበቱም ከመቶ ከ8 እስከ 12 መሆን አለበት። ዛፉ ሲወድቅ ተመትቶ ከሆነ ጅማቱን አቋርጣ የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስብራት ትኖራለች። እሷን ለማግኘት መብራት አጥፍቼ፣ የእጅ ባትሪ በጎን አስጠግቼ፣ ጣውላውን ጣት በጣት ስፈትሽ ባለቤቴ “ከእንጨት ጋር ሹክሹክታ ጀመርክ?” ትለኝ ነበር።

ሪቧ የምትሠራው በቅርጽ ማውጫ ላይ ነው። በወፍራም ኮምፖርሳቶ ላይ የሪቧን ቅርጽ በትክክል ትስላላችሁ፤ በመስመሩ ዙሪያ ትናንሽ የእንጨት ኩርንችቶች ትመታላችሁ። 6 ሚሊ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የስፕሩስ ዘንግ በሙቅ ውሃ ለስልሶ፣ ጎብጦ፣ በኩርንችቶቹ መሐል ይገባና እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ መሐሉ ላይ ትናንሽ ቋሚዎችና ሰያፎች ይገባሉ። በየመጋጠሚያው 1.5 ሚሊ ሜትር ስስ ኮምፖርሳቶ ሙጫ ተቀብቶ በደቃቅ ምስማር ይመታል። እስከ ማግሥቱ ድረስ አይነካም። በማግሥቱ ይወጣና ሌላው ይተካል። በቀን አንድ ሪብ ነው፤ መቻኮል የለም። ሁሉም ከአንድ ቅርጽ ስለሚወጡ አንዷ ከሌላዋ አትለይም።

አሁን ወደ ሙጫው መጣን፤ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው።

በጥንት ጊዜ የአውሮፕላን ሙጫ ኬሲን ይባል ነበር። ከወተት ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች በወተት የተጣበቀ ክንፍ ላይ ነበር የሚበሩት። ጉድለቱ እርጥበት ሲያገኝ መዳከሙና መሻገቱ ነው። እኔ የመረጥኩት ሬዞርሲኖል የሚባለውን፣ ሲደርቅ ጥቁር ቀይ የሚሆነውን ሙጫ ነው። ውሃ አይፈራም፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ክፍተት የሌለው መጋጠሚያ፣ በደንብ መጨቆንና ሙቀት። ከ21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ በትክክል አይጠነክርም። የሙጫው ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁም።

ለዚህም ሲባል አንድ ደንብ አለ። ሙጫ በበጠበጣችሁ ቁጥር ከዚያው ሙጫ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቃችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት ታስቀምጣላችሁ። በማግሥቱ በሞርሳ ይዛችሁ በመዶሻ ትሰብሩታላችሁ። መሰበር ያለበት እንጨቱ ነው። ስብራቱ በእንጨቱ ውስጥ ከሄደ ሙጫው ከእንጨቱ በርትቷል ማለት ነው፤ ሥራው ያልፋል። በሙጫው መስመር ላይ ልጥ ብሎ ከተላቀቀ ግን ያን ቀን የተሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እሰብር ነበር። ሁልጊዜ እንጨቱ ይሰበራል። ሁለት ወር እንዲህ ካየሁ በኋላ ልቤ ሞላ። ቁራጮቹን ማጣበቁን አልተውኩም፤ ቀን እጽፍና ካርቶን ውስጥ እጥላቸዋለሁ፤ መስበሩን ግን ለነገ እላለሁ። ታዲያ ሐምሌ መጣ። የናይሮቢን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው፤ ሌሊቱ ወደ 11 እና 12 ዲግሪ ይወርዳል። ጋራዡ ማሞቂያ የለውም። እኔ ጃኬት ደርቤ እሠራለሁ፤ ሙጫው ጃኬት እንደሌለው አላሰብኩም። በእነዚያ ቀናት 11 ሪብ ሠራሁ። ሁሉም ያምሩ ነበር።

ልጄ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልታግዘኝ ትገባለች። ካርቶኑን አየችና “አባዬ፣ እነዚህ ለምን አልተሰበሩም?” አለችኝ። “ደህና ናቸው፣ ሙጫው ያው ነው” አልኳት። “እሺ ልስበራቸው?” አለች። “ስበሪ” አልኳት። የመጀመሪያውን በሞርሳ ይዛ በመዶሻ መታችው። ልጥ ብሎ ለሁለት ተላቀቀ። ሁለቱም ገጽ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነበር፤ አንድ የእንጨት ጅማት አልተነቀለም። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከሪቦቹ አንዷን አንሥቼ የመጋጠሚያውን ኮምፖርሳቶ በጥፍሬ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ተነሣ።

በዚያን ሰዓት ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ አላፍርም። “ምስማሩ ይይዛቸዋል” አልኩ። “ሌሎቹ ደህና ናቸው፤ በመሐል በመሐል ብበትናቸው ጭነቱን ይካፈላሉ” አልኩ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ “ጨርቁ ከለበሰ በኋላ ማን ያያል?” ማለቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው አውሮፕላን ላይ ፊርማዬን ሳስቀምጥ እንዲህ አስቤ አላውቅም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ድካሜ ላይ ሲሆን ግን አሰብኩት። ልጄ ዝም ብዬ መቆሜን አይታ “አባዬ፣ እዚህ ክንፍ ላይ መጀመሪያ የምትበረው አንተ ነህ ወይስ እኔ?” አለችኝ። ልትነካኝ ብላ አልነበረም፤ እውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

በዚያው ምሽት አሥሩን በመጋዝ ቆራርጠን ለምድጃ አደረግናቸው። አንዷን ግን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። አሁን በልጆቹ እጅ የምትዞረው እሷ ናት፤ ብትሰበር የማልቆጣው ለዚህ ነው። በሥራ መዝገቤ ላይም “11 ሪብ ተጥሏል፤ ምክንያት፦ የሙጫ ብርድ፤ የፈተና ቁራጭ በጊዜው አልተሰበረም፤ ጥፋቱ የሠሪው” ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ከአሮጌ ቁም ሣጥን አንድ ሞቃት ሣጥን ሠራን። በብርድ ልብስ አለበስነው፣ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል አስገባንበት፣ የሙቀት መለኪያ ሰቀልንበት። ከዚያ በኋላ ቁራጮቹን የምትሰብረው ልጄ ሆነች። እሷ ካልሰበረች ቀጣዩ ሥራ አይጀመርም።

ሪቦቹ ሲያልቁ በስፓሮቹ ላይ ይሰካሉ፤ ክንፉ ክንፍ መምሰል ይጀምራል። በውስጡ በየክፍሉ መስቀለኛ ሽቦ ይዘረጋል። የእነዚህ ሽቦዎች ሥራ ክንፉ በነፋሱ ግፊት ወደ ኋላ እንዳይጣመም መያዝ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሰያፍ ርቀት ትለካላችሁ፤ እኩል እስኪሆኑ አንዱን ሽቦ ታላላላችሁ፣ ሌላውን ታጠብቃላችሁ። አንዱን ስታስተካክሉ ጎረቤቱ ይበላሻል፤ ተመልሳችሁ እሱን። ለአንድ ክንፍ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጡ ሁሉ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳም ይተዋል፤ የእንጨት ክንፍ ጠላቱ ተኝቶ የቀረ ውሃ ነውና።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪው መጣ። ክንፉ ጨርቅ ሳይለብስ መታየት አለበት፤ ከለበሰ በኋላ ማየት አይቻልማ። መብራትና መስተዋት ይዞ በየመጋጠሚያው ገባ። በመጨረሻ ግን “የፈተና ቁራጮቹን አሳየኝ” አለ። ካርቶኑን አመጣን፤ እያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ተሰብሯል። አሥራ አንዱን መጥፎዎችም ለብቻ በላስቲክ አስረን አስቀምጠን ነበር። መዝገቡን አነበበ፣ እነሱን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ ፈረመ። “እነዚህን ባላገኝ ኖሮ የቀሩትን አላምንም ነበር” አለኝ።

ጨርቁን ማልበሱን እዚህ ያላችሁ እናቶች ታስታውሱታላችሁ። ድሮ የተልባ እግር ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ ፖሊስተር ነው። ክንፉ ላይ ተጣብቆ በካውያ ሲተኮስ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከዚያ ጨርቁ ከእያንዳንዱ ሪብ ጋር በሰም በተነከረ ክር ይሰፋል። አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ረጅም መርፌ ይቀባበላል፤ በየስፌቱ ቋጠሮ አለው። ብቻዬን ብሆን ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። የማኅበራችን እናቶች ሁለት ቅዳሜ መጡ፤ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አራቱ ክንፎች ተሰፉ። እንደዚያ የተስተካከለ ቋጠሮ በሙያ ዘመኔ አላየሁም። ስፌቱ ላይ ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ቀጭን ጨርቅ ይለጠፍና ቀለም ይቀባል። አንዲት እናታችን ይህን ስነግራቸው “ታዲያ ይህ ሁሉ ስፌታችን ተሸፍኖ ሊቀር ነው?” አሉኝ። “አዎ እማማ፣ ተሸፍኖ ይቀራል፤ አውሮፕላኑን የሚይዘው ግን እሱ ነው” አልኳቸው። ሳቁና “እንግዲያው እንደ ሁሉ ሥራችን ነው” አሉ።

ወገኖቼ፣ እኔ ስለ ማኅበሩ እንድናገር አልተጠየቅኩም፤ ግን ይህን ሳልል ብወርድ ይቆጨኛል። ዛሬ ማኅበራችን የበዓል ልብሱን ለብሷል፤ ያምራል። የያዘው ግን ከጨርቁ በታች ያለው ነው። በየወሩ መዋጮ ቤት ለቤት የሰበሰቡ፣ ሐዘን ቤት ድንኳን የተከሉና ሳህን ያጠቡ፣ ሆስፒታል ከታማሚ ጋር ያደሩ፣ ስማቸው በዚህ መጽሔት ላይ የሌለ ሰዎች አሉ። እነሱን እናመስግን። ሁለተኛው ነገር፣ ለ25 ዓመት ሳይላቀቅ ቆይቷል ብለን ልባችን እንዳይሞላ። ሒሳቡንም፣ አሠራሩንም፣ እርስ በርስ ያለንን መተማመንም በየጊዜው እየሰበርን እንፈትሽ። ልጆቻችን “ይኼ ለምን አልተፈተሸም?” ብለው ሲጠይቁም አንቆጣቸው። መዶሻውን እንስጣቸው።

“መቼ ይበራል?” ለምትሉኝ፣ አራቱ ክንፎች ተጠናቀው ጋራዤ ውስጥ ተሰቅለዋል። ገላው እየተበየደ ነው፤ ሞተሩ ገና አልተገዛም። ልጄ የበረራ ትምህርት ጀምራለች፤ ከእኔ ትቀድም ይሆናል። መጀመሪያ ማን ይበርበታል ለሚለው ጥያቄዋ ግን አሁን መልስ አለኝ፤ ማንኛችንም ብንሆን ግድ የለኝም። ወጣቶች፣ ይህን ሰምታችሁ ያለ ንድፍና ያለ ተቆጣጣሪ የሆነ ነገር ሠርታችሁ ጣሪያ ላይ እንዳትወጡ አደራ። እንጨት ማጣበቅ መማር የሚፈልግ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ክፍት ነው። ጃኬት ይዛችሁ ኑ፤ ለሙጫው እንኳ ሣጥን ሠርተንለታል።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፤ ለሃምሳኛው ያድርሳችሁ።